ለበገና የሚሆን መቅረጫ

ታኅሣሥ 12 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

የኔታ ሰሞኑን የደረደሩትን በገና ከስልኬ ወደ ላፕቶፕ ገልብጬ ስሰማው ዋልኩ። ስልክ የተሠራው ለወሬ ነው። ሰው ሲናገር ድምፁን ይመጥናል፤ ሰውየው ዝም ሲል ደግሞ የሚናገር ፍለጋ ጆሮውን ያሰፋል። በገና ደግሞ ዝም ማለትን የሚያውቅ መሣሪያ ነው። ጅማቱ ተመትቶ ንዝረቱ እየከሰመ ሲሄድ ስልኩ ድምፅ የጠፋ መስሎት መጠኑን ከፍ ያደርጋል፤ የግቢው ዶሮ፣ የጎረቤቱ ጄኔሬተር፣ የእኔው እስትንፋስ ሳይቀር ተነሥቶ ይመጣል። ቀጣዩ ጅማት ሲመታ ደንግጦ መልሶ ያወርደዋል። ፋይሉ ሲቀመጥ ደግሞ ተጨምቆ ነውና የእንዝራው ዝዝታ ተሸርፏል። እንዝራ በጅማቱና በብርኩማው መካከል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ ናት፤ በገናን በገና የምታሰኘው እሷ ናት። በስልኬ ቅጂ ላይ የቀረው ግን የተበላሸ ሬዲዮ የሚያሰማው ዓይነት ሹክሹክታ ነው።

የኔታ ሁዳዴ ሲገባ የሚያውቁትን ሁሉ በተራ ሊደረድሩልኝ ቃል ገብተዋል። ጾሙ የሚገባው የካቲት 17 ነው። እስከዚያ ደህና መቅረጫ ማግኘት አለብኝ።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። መርካቶ "የድምፅ መቅረጫ" ስል የሚያወጡልኝ ለስብሰባና ለቃለ ምልልስ የሚሆነውን፣ በኪስ የሚያዘውን ነው። ለወሬ ደህና ነው፤ ለዜማ አይሆንም። ቦሌ ካሜራ የሚሸጡት ዘንድ ግን ዙምና ታስካም የሚባሉት መቅረጫዎች አሉ። ዋጋውን ሳልጠይቅ ብመለስ ይሻለኝ ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮት ወጥቷል።

አንዱ ሻጭ፣ ልጅ እግር ነው፣ "እቴ፣ ይሄኛው 32 ቢት ነው፣ ምንም ነገር አይቆራረጥበትም" አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ቢቱ የሚነግረን በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል መሣሪያው ምን ያህል ስፋት እንደሚይዝ ነው። የሲዲው 16 ቢት 96 ዴሲቤል ያህል ይይዛል። 24 ቢት በወረቀት ላይ 144 ይደርሳል፤ ውስጡ ያለው ሽቦና ማጉያ የራሱ ጫጫታ ስላለው በተግባር እዚያ የሚደርስ መቅረጫ የለም። አዲሱ "32 ቢት ፍሎት" የሚባለው በቁጥር ከ1500 ዴሲቤል በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ በምድር ላይ የለም። ጥቅሙ ሌላ ነው። እነዚህ መቅረጫዎች ድምፁን በሁለት መንገድ ይቀበሉታል፤ አንዱ ለዝግታው፣ አንዱ ለጩኸቱ ይሠራል፣ ሁለቱን ያጣምሩታል። ስለዚህ "ጌይን" የሚባለውን መጠን አስቀድሞ መገመት አያስፈልግም። ጮኾ ከመስመር ያለፈ የመሰለውን በኋላ በኮምፒዩተር ዝቅ ሲያደርጉት ሳይቆረጥ ይገኛል።

ልጁ ያልነገረኝ ሁለት ነገር አለ። ማይክራፎኑ ራሱ የሚችለው ጣሪያ አለው፤ እሱ ካለፈ የቢት ብዛት አያድነውም። ደግሞ 32 ቢት የመቅረጫውን የራሱን እሽታ፣ በዝምታ ጊዜ የሚሰማውን "ሽሽሽ"፣ አንድ ነጥብ አይቀንስም። ለበገና የሚያስፈልገኝ ግን የእሽታው ማነስ ነው።

ያየኋቸውን ልጻፍ። ታስካም ዲአር-05ኤክስ፦ ማይክራፎኖቹ ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰሙ ናቸው፣ ሁለት መደበኛ ድንጋይ ይበቃዋል። ዙም ኤች1ኤን፦ ቀላል ነው፣ ሁለት የሪሞት ድንጋይ ይበላል፣ ማይክራፎኖቹ በ90 ዲግሪ የተጠላለፉ ናቸው። የእሱ ታናሽ ኤች1 ኢሴንሻል በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን 32 ቢት ፍሎት ነው፤ ምርጫዎቹን በድምፅ የሚናገርበት መንገድም ስላለው ማየት ለተሳነው ሰው ይሆናል። ይኼን ማሰባቸው ደስ ብሎኛል። ዙም ኤፍ3 ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ግን የራሱ ማይክራፎን የለውም። ሁለት የውጭ ማይክራፎን፣ ገመድና መቆሚያ ይፈልጋል። የየኔታ ክፍል ደግሞ አልጋቸውን፣ በገናቸውን፣ አንድ በርጩማና እኔን ነው የሚይዘው።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ በቴክኒሻንነት የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቡና ላይ ጉዳዩን አነሣሁላቸው። ገጠር ዜማ ሊቀዱ ሲወጡ ናግራ የሚባል የቴፕ መቅረጫ ይሸከሙ እንደነበር ነገሩኝ። ናግራን ፖላንድ ተወልዶ ስዊዘርላንድ የኖረው ስቴፋን ኩደልስኪ በ1951 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። እሳቸው የሚያውቁት ዓይነት 12 ትልልቅ ድንጋይ ይወስድ ነበር፤ ድንጋዩ ብቻውን ትከሻ ይሰብራል። ትንሿ የቴፕ ጥቅልል በሙሉ ጥራት ስትሽከረከር ብዙ አትቆይም።

"አዝማሪውን 'ቶሎ ጨርስ' ማለት አይቻልም፤ ቴፑን ደግሞ 'ቆይ' ማለት አይቻልም" አሉኝ። "ስለዚህ ቀድመን ቁጭ ብለን እንሰማዋለን። የትኛውን እንደምንቀዳ ሰምተን እንመርጣለን። እናንተ ዛሬ ቀድታችሁ ነው የምትሰሙት።"

ይኼ ትንሽ ወቀሳ ነው፤ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ስለ ምርጫው ግን የሰጡኝ ምክር ከሻጮቹ ሁሉ ይበልጣል። ሁለት ሦስት መቅረጫ ከሰው ተውሰሽ አምጪ አሉኝ። ሌሊት ቁም ሣጥን ውስጥ በብርድ ልብስ መሀል እየከተትሽ፣ ዝምታውን ብቻ ቅጂ። ከዚያ ሁሉንም እኩል ከፍ አድርገሽ በማዳመጫ ስሚ። የሚቀረው "ሽሽሽ" የመቅረጫው የራሱ ድምፅ ነው፤ በጾም በገና ሥር የሚተኛውም እሱ ነው።

ከጓደኞች ተውሼ ሞከርኩት። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ከተጻፈው ይልቅ በጆሮ ይበልጣል። የአንዱ እሽታ ደረቅና ከፍ ያለ፣ የሌላው ወፈር ብሎ ዝቅ ያለ ነበር። ዝቅ ያለው ያን ያህል አያስቸግርም፤ በገናው ራሱ ይሸፍነዋል።

ጥር 4፣ እሑድ

የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣች። ሻንጣዋ ውስጥ ከሽቶና ከጫማ መሀል ኤች1 ኢሴንሻሉ ወጣ። እዚያ መቶ ዶላር ገደማ ነው። ፀጉራም የንፋስ መከላከያውንም አብራ ገዝታልኛለች፤ "ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው? ድመት አስመስለሽ ልታሳድጊው ነው?" እያለች።

ለምን ይኼንን እንደመረጥኩ ልጻፍ፤ በኋላ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ከሁሉም ጸጥተኛው አይደለም። ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ መፍትሔ አለ፦ መጠጋት። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያድጋል። ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ብጠጋ 12 ዴሲቤል ገደማ አገኛለሁ። በመቶ ዶላሩና በውዱ መቅረጫ መካከል ያለው የእሽታ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። የኔታ ካስጠጉኝ ትንሿ ትበቃኛለች። ማስጠጋቱን ግን እኔ አልወስንም።

የተረፈውን ብር ጆሮ ከልሎ የሚይዝ ማዳመጫ ገዛሁበት። መቅረጫ ገዝቶ ማዳመጫ የማይገዛ ሰው ይገርመኛል። ማይክራፎኑ የሚሰማውና ጆሮ የሚሰማው አንድ አይደሉም። ጆሮ የፍሪጁን ድምፅ ረስቶታል፤ ማይክራፎኑ አልረሳም።

ጥር 10፣ ቅዳሜ፣ ከተራ

ጃን ሜዳ። ፍተሻው ላይ ፖሊሱ ፀጉራሙን ነገር ከቦርሳዬ አውጥቶ አገላበጠው። ድምፅ መቅረጫ ነው አልኩት፤ "ቅጂው እስቲ" አለኝ። የራሱን ድምፅ በማዳመጫው አሰማሁትና ሳቀ፣ አሳለፈኝ።

ለሙከራ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ከበሮው፣ እልልታው፣ ሆታው፣ መለከቱ ሁሉም በአንድ ላይ ነው፤ ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን ሞንታርቦው አለ። ታቦታቱን ተከትሎ የሚሄደው መኪና ላይ የተጫነው ሞንታርቦ ሲያልፍ መቅረጫው ምንም ያህል ቢት ቢኖረው የሚቀዳው ቀድሞ የተበላሸውን ድምፅ ነው፤ የተሰነጠቀው ድምፅ የሚወጣው ከሞንታርቦው ነውና። ብቸኛው ዘዴ መራቅ ነው። ከአጥሩ ሥር ወዳሉት የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪዎች ተጠጋሁ፤ ጀርባዬን ለመኪናው ሰጥቼ፣ መቅረጫውን ከደረቴ ዝቅ አድርጌ። ማይክራፎኖቹ ከፊት ያለውን አጉልተው ስለሚሰሙ ሰውነቴ ራሱ ግርዶሽ ሆነ።

ከበሮ መቺው ልጅ ጠጋ ሲል የመቅረጫው መስመር ከላይ ሞላ። ቤት ገብቼ ዝቅ ሳደርገው የከበሮው ምት ሳይደፈጠጥ ክብ ሆኖ ወጣ። የሻጩን ልጅ ያን ጊዜ አመሰገንኩት።

ንፋሱስ? ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ይነፍስ ነበር። ተራው ስፖንጅ የሚያገለግለው ለአፍ ትንፋሽ ነው፤ ለሜዳ ንፋስ አይሆንም። ፀጉሩ ግን ንፋሱን በትኖ ማይክራፎኑ ዙሪያ ጸጥ ያለ አየር ይተዋል። ለአፍታ አውልቄው ስሰማ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ንፋሱ ከፀናጽሉ በላይ ጎልቶ ይንጎደጎዳል። ከመቅረጫው ቀጥሎ ምን ልግዛ ለሚለኝ ሰው፣ ደጋ አገር ላይ ፀጉሩን ነው የምለው።

ጥር 20፣ ማክሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ ቤት ነኝ። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ገደማ በሩ ላይ ዜማ ተነሣ። ላሊበሎች ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ እያወደሱ፣ እየመረቁ የሚለምኑት እነሱ ናቸው። ካላዜሙ ቁምጥና ይይዛቸዋል የሚል የቆየ ወግ አለ፤ ፀሐይ ሳትወጣም ይሄዳሉ። የቤቱን ባለቤት ስም፣ የልጆቹን ስም ቀድመው ከጎረቤት አጣርተው ይመጣሉ፤ ዜማው ውስጥ ያስገቡታል። እህቴም ስሟ ሲጠራ ከአልጋዋ ተነሣች።

መቅረጫው ራስጌዬ ነበር። መስኮቱን ከፍቼ ቁልፉን መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። በዚያ ሰዓት የሚገኘው ጸጥታ ደግሞ በቀን አይገኝም፤ መኪና የለ፣ ሞንታርቦ የለ፣ ከሩቅ የሚጮኽ ውሻ ብቻ። ግን እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን ላለማሳየት ብለው ሌሊትን የመረጡ ናቸው። በመስኮት ተሸሽጎ ድምፃቸውን መውሰድ አላማረኝም።

ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ሰውየው ዜማውን ሳያቋርጥ ዓይኑን ወደ እጄ ወረወረ። "ልቅዳው? ለማስተማሪያ ነው" አልኩ። ሴትዮዋ ዝም አለች። እሱ ግን ዜማው ውስጥ አስገብቶ መለሰልኝ፦ የሌሊቱን ድምፅ በቀን የሚያሰማ፣ እጁን ከኪሱ የማያወጣ እያለ። እህቴ ከጀርባዬ ሳቋ አመለጣት። ብሩን ጨመርኩ፤ "ስማችሁን አልጠይቅም" አልኩ። "ስማችንንማ ብትጠይቂስ ማን ይነግርሻል" አለችኝ ሴትዮዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሯ ነው። ከዚያ ቀዳሁ።

ቅጂው ላይ የእህቴ ልጆች ስም አለ፤ የጎረቤቶችም። ክፍል ውስጥ ከማሰማቴ በፊት ያንን ቆርጬ አወጣለሁ። ዋናው ፋይል ግን ሳይነካ ይቀመጣል።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ስለ ድንጋይ። ተራው ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፣ ቻርጅ የሚደረገው 1.2። መቅረጫው ውስጡ የትኛው እንደገባ ካልተነገረው ሙሉውን ባትሪ "ሊያልቅ ነው" ይላል፣ ወይም ያለቀውን ሙሉ ነው ብሎ ድንገት ይጠፋል። መንገድ ላይ የሚሸጠውን ርካሹን ድንጋይ አልገዛም፤ ብዙ ሳይቆይ ያልቃል፣ አንዳንዱም ቤቱ ውስጥ ያፈሳል። በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ ማሠራትም ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋ ያድናል።

ስለ ሚሞሪ። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በሁለት ቻናል፣ 24 ቢት በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 32 ቢት ፍሎት ደግሞ 1.4 ገደማ። 32 ጊጋ ያለው ካርድ ከ20 ሰዓት በላይ ይቀዳል ማለት ነው። 96 ኪሎኸርዝ ይሻላል ወይ የሚሉኝ አሉ። ለሌሊት ወፍ ይሻላል፤ ለሰው ጆሮ ግን ሚሞሪውን በእጥፍ ይበላል እንጂ ብዙ አይጨምርም። የድምፅ ቤተ መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበርም ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ነው የሚለው። ኤም.ፒ.ስሪ አልቀዳም። ዋቭ ቀድቶ በኋላ ለቴሌግራም ማሳነስ ይቻላል፤ የተጨመቀውን ግን መመለስ አይቻልም።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

የኔታ ዘንድ።

ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጀምረዋል። ስለዚህ በጠዋት ነው የመጣሁት። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን ነው፤ ድምፅ ይጋጭበታል። አልጋቸው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ከግድግዳው አንድ ወገን ላይ እንድሰቅል ፈቀዱልኝ፤ በሩ ላይ ደግሞ ጋቢ። ጎረቤቲቱን ፍሪጇን ለአንድ ሰዓት እንድታጠፋልኝ ለመንኳት፤ "እሺ፣ ሥጋ እንደሆን በጾም የለም" አለችኝ።

መቅረጫውን የት ላድርገው? በገና የሚሰማው ከአንድ ቦታ አይደለም። ከገበቴው ፊት ለፊት፣ ከቆዳው አጠገብ ካስቀመጥኩት ንዝረቱ ይወፍራል፣ ዝዝታው ግን ከየኔታ ድምፅ በላይ ይሆናል። ከፍ አድርጌ ወደ አፋቸው ባዞረው ቃሉ ይጠራል፤ በገናው ግን ይርቃል። እያንቀሳቀስኩ በማዳመጫው ስሰማ እሳቸው በትዕግሥት ጅማታቸውን እየቃኙ ቆዩ። በመጨረሻ ከብርኩማው ትይዩ፣ ከደረታቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ተስማማን። ተስማማን ያልኩት ማዳመጫውን ለእሳቸውም ስላጠለቅሁላቸው ነው። ሰሙና "ጣቴ ይሰማል" አሉ፤ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

መቆሚያዋን መሬት ላይ ሳይሆን ከታች የታጠፈ ነጠላ አድርጌ አስቀመጥኳት። የኔታ እግራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሲሚንቶው ያስተላልፈዋልና። እጄን ከመቅረጫው ላይ አነሣሁ። በእጅ ይዞ መቅዳት ለገበያና ለመንገድ ይሆናል፤ ለበገና ጣት ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰማል።

ሲጀምሩ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የማን በገና እንደሆነ፣ ስንት ጅማት እንዳለው በቃላቸው እንዲናገሩልኝ ጠየቅሁ። የወረቀት ማስታወሻ ይጠፋል፤ ድምፁ ላይ ያለው ግን ከቅጂው አይለይም። "ዐሥር ጅማት አለው፤ ዐሥሩም ግን አይመቱም" አሉ። አምስቱ ወይም ስድስቱ ይመታሉ፣ የቀሩት ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። ከዚያ ደረደሩ።

አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። መቅረጫው ላይ ያሉት መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ ከታች ነበሩ። ሻጩ ቢያይ ኖሮ "ዝቅ ብሏል፣ ከፍ አድርጊው" ይለኝ ነበር። ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ ራሱ የለውም፤ ኮምፒዩተር ላይ ከፍ ሳደርገው እሽታው ከእንዝራው ሥር ቀረ። መጠጋቱ ሠራ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ የኔታ ሳይደረድሩ ብዙ ተናገሩ። ጅማቱ ከበግ አንጀት እንዴት እንደሚጠመዘዝ፣ እርጥበት ሲያገኘው እንዴት እንደሚላላ፣ ልጅ ሳሉ ከማን እንደተማሩ። መቅረጫውን አላጠፋሁም። ቅኝቱን ሲያስተካክሉ፣ ጅማቱ ሲንቀጫቀጭ፣ "አይ እምቢ አለ" ሲሉ ሁሉ ተቀድቷል። ሌላው ቢሆን ይቆርጠዋል። ለእኔ ግን ተማሪ የሚማረው ከዚህ ነው፤ የተቃኘውን በገናማ ካሴትም ላይ ያገኘዋል።

መቅረጫው ላይ "ሎው ካት" የሚባል አለ፤ ወፍራሙን ድምፅ ከታች ይቆርጣል። ለንግግርና ለንፋስ ደህና ነው። ለበገና አጥፍቼዋለሁ። ወፍራሙ ጅማት ከሌለ ምን ቀረ? ካስፈለገ በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ይቆረጣል።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ዛሬ ፋይሎቹን ሳደራጅ ዋልኩ። እያንዳንዱ ስም በቀን ይጀምራል፤ ዓመተ ምሕረቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ፣ ከዚያ ቦታው፣ ከዚያ መሣሪያው። ከመቅረጫው የሚወጣው ስም ብቻውን ከዓመት በኋላ ለማንም አይናገርም። ሦስት ቅጂ፦ አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቤት። ካርዱን ቅጂዎቹን ከፍቼ ሳልሰማ አላጸዳም።

ይኼን ሳደርግ ዐፄ ምኒልክ ትዝ አሉኝ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 እ.ኤ.አ. በፎኖግራፍ ድምፅዋን ቀድታ ላከችላቸው፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዝዛ ነበርና ጠፋ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በምላሹ የቀዱት ግን አለ፤ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ ከዚያ በኋላ በዐሥር ዓመት ገደማ በርሊን ውስጥ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀድተዋል። በፎኖግራፉ ሰም ላይ የተጫረው ድምፅ መቶ ዓመት አልፎት ተሰማ። የእኔ ሚሞሪ ካርድ ጥፍር ያክላል፤ ሱሪ ኪስ ውስጥ ታጥቦ ቢወጣ የሚከራከርለት የለም።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ፋሲካ አልፏል። የኔታ ዘንድ ቅጂውን ይዤ ሄድኩ። በስልካቸው መስማት ፈለጉ፤ አነስ አድርጌ በቴሌግራም ላኩላቸው። በስልኩ ድምፅ ማውጫ ሲሰሙት ፊታቸው ተቀየረ። "ይኼ የኔ በገና አይደለም፤ ክራር ነው" አሉ። ልክ ናቸው፤ ትንሿ ድምፅ ማውጫ ወፍራሙን ጅማት አታወጣም። ማዳመጫዬን አጠለቅሁላቸው። አንዱን ዜማ እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ መሀል ላይ አንድ ቦታ "እዚህ ጋ ቸኮልኩ" ብለው ማስታወሻ እንድይዝላቸው አዘዙኝ።

ከዚያ ስለ ባለቤትነቱ ተነጋገርን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም መብት ይሰጣል፤ እኔ ቁልፍ ስለተጫንኩ ዜማው የእኔ አልሆነም። ይኼን ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና መቅረጫውን እንዳበራ ጠየቁ። ቃላቸው ራሱ ቅጂው ላይ ይኑር አሉ። ለተማሪ ይሰማ፤ አይሸጥ፤ ከዘፈን ቪዲዮ ሥር አይግባ፤ ያለ ስማቸው አይሰማ። እሳቸው ካረፉ በኋላ የመወሰኑ ሥልጣን ለታላቅ ልጃቸው ይሁን። እኔም በድምፄ "እሺ" አልኩ።

ሊሸኙኝ በር ላይ ቆመው "ለሰንበት ትምህርት ቤቱም አንድ ቅጂ ስጪልኝ፣ ልጆቹ ይማሩበት" አሉ።

"እሰጣለሁ፣ የኔታ። ፋይሉ ግን ብዙ ጊጋ ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ፍላሽ የራሳቸውን ያምጡ ማለት ነው።"